የቆመ ልብ ላይ የሚያርፉ እጆች፦ የሕይወት አድን እርዳታ ከአምስተርዳም ቦዮች እስከ ገፈርሳ

የሰው ልብ ድንገት ሲቆም አንጎል ያለ ደም የሚታገሠው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ካለፈ ጉዳቱ የማይመለስ መሆን ይጀምራል። በኤሌክትሪክ ንዝረት ሊመለስ ይችል የነበረ ልብ እንኳ ደረቱን የሚጫን ሰው ካላገኘ፣ የታማሚው የመትረፍ ዕድል በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ስሌት በኮፐንሃገንም በገፈርሳም አንድ ነው። ልዩነቱ በእነዚያ ደቂቃዎች ማን አጠገብ እንደተገኘ፣ እጁም ሥራውን ምን ያህል እንደለመደው ነው።

ገፈርሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከመሐል ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአምቦ መንገድ ላይ ትገኛለች። አስኮንና አሸዋ ሜዳን አልፎ፣ ቡራዩን ዘልቆ የሚሄድ መንገደኛ ዋና ከተማዋን ለረጅም ዘመን ውሃ ያጠጣውን የገፈርሳ ግድብ ያገኛል። በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ አሉ። የእነዚህ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ታማሚ ሪፈር የሚሉት ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ከቡራዩ አቅጣጫ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጳውሎስ፣ ከሰበታ የሚመጣው ወደ አለርት። መንገዱ በተሽከርካሪ ሲጨናነቅ ከላይ የተጠቀሱት ደቂቃዎች በአምቡላንስ ውስጥ ያልቃሉ። ስለዚህ አምቡላንስ ከመምጣቱ በፊት የሚሠራው ነገር ለእንዲህ ያለ ቦታ ከምንም በላይ ያስፈልጋል። ሙያው እዚህ እስኪደርስ ግን ረጅም መንገድ ተጉዟል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በተለየ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በውሃ በሰመጡ ሰዎች ነው። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ በ1740 ውሃ የበላውን ሰው በአፉ ላይ እፍ እያሉ ማንሳት ይገባል ሲል መከረ። በ1767 በአምስተርዳም፣ ቦይ በበዛባት ከተማ፣ የሰመጡትን ለማዳን የተቋቋመ ማኅበር ሥራ ጀመረ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ በለንደን ተመሳሳይ ማኅበር ተከተለው። ምክራቸው ሁሉ ግን ጤናማ አልነበረም። ታማሚውን ከማሞቅና እስትንፋስ ከመስጠት ጎን ለጎን የትምባሆ ጭስ በፊንጢጣው መንፋት እንደ ዋነኛ መድኃኒት ይቆጠር ነበር። ለዚሁ የሚያገለግል መሣሪያ በለንደን በቴምዝ ወንዝ ዳር ተሰቅሎ ይጠብቅ እንደነበር ሲታወስ፣ ዛሬ በሕዝብ መናኸሪያና በአውሮፕላን ማረፊያ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የልብ ማስነሻ መሣሪያ ሐሳቡ አዲስ እንዳልሆነ ያሳያል፤ የተለወጠው በሳጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አፍ ለአፍ መተንፈስ ከሐኪሞች ዘንድ እየተረሳ፣ በምትኩ የታማሚውን እጅና ጀርባ እያንቀሳቀሱ አየር ለማስገባት የሚሞክሩ ዘዴዎች ተበራከቱ። ሲልቬስተር የተባለው እንግሊዛዊ በ1858 በጀርባው ያስተኛውን ሰው እጆቹን ወደ ላይ መሳብ ጀመረ። ሻፈር በ1903 በሆዱ አስተኝቶ ጀርባውን መጫንን አስተማረ። ዴንማርካዊው ሆልገር ኒልሰን በ1932 ሁለቱን አቀላቀላቸው። በመካከሉ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ማስ በ1892 በሰመመን ላይ ሳሉ ልባቸው የቆመባቸውን ታማሚዎች ደረታቸውን በፍጥነት በመጫን እንዳነሳ ጽፎ ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም። ከእርሱ በኋላ ለ70 ዓመት ያህል የቆመ ልብ የሚታሸው ደረት በቢላ ተከፍቶ ነበር።

በኢትዮጵያ በዚያው ዘመን ራሱን የሳተ ሰው ሲገኝ የሚደረገው ውሃ መርጨት፣ ጠበል ማስጠመቅ፣ የሚጥል ሕመም ከሆነ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ነበር፤ የመጨረሻው ዛሬም በመንገድ ዳር ይታያል። ክብሪቱ በራሱ ብዙ ጉዳት አያደርስም። የሚጎዳው ሰዎች ከበው ክብሪት ሲፈልጉ የሚያልፈው ጊዜ ነው፤ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ከመንቀጥቀጡ ሲያርፍ መተንፈሱን የሚያይ አይኖርም። ጥርሱ እንዳይነክስ ተብሎ ማንኪያ በአፉ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጉዳቱ የጥርስ መሰበር ብቻ ላይሆን ይችላል።

ዘመናዊ ሕክምና በድንኳን መጣ። ከአድዋ ድል በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ለማከም አዲስ አበባ ገባ፤ የምኒልክ ሆስፒታል ታሪክም ከዚሁ ይያያዛል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ጣሊያን ለወረራ በምትዘጋጅበት ወቅት ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ማኅበሩ ገና ሳይጠና ጦርነቱ ደረሰ። የስዊድን፣ የእንግሊዝ፣ የኖርዌይ የአምቡላንስ ቡድኖች ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጎን ተሰለፉ፤ የስዊድኑ ቡድን ድንኳን በታኅሣሥ ወር መጨረሻ 1935 በመልካ ዲዳ በጣሊያን አውሮፕላኖች በቦምብ ተመታ። በዚያ ጊዜ የመጀመሪያ እርዳታ ማለት ከሞላ ጎደል ደም ማቆም፣ የተሰበረ አጥንት ማሰርና ቁስለኛ መሸከም ነበር። እስትንፋስ መመለስ ሲባልም በዓለም ዙሪያ የሚሰጠው ትምህርት የሻፈር ዘዴ ነበር።

ከነጻነት በኋላ በነርስነት ያገለገሉት ልዕልት ፀሐይ በ1942 በወጣትነታቸው ሞቱ፤ በስማቸው የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 ተከፈተ። የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት በ1949 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል፣ በዛሬው የካቲት 12፣ ሥራ ጀመረ። በ1954 የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጽዳት ባለሙያዎችን ማውጣት ቀጠለ። በሀገር ውስጥ የሠለጠነ እጅ መገኘት የጀመረው እንግዲህ በዓለም የእስትንፋስ መመለስ ሳይንስ ከሥሩ በሚለወጥበት ዐሥር ዓመት ውስጥ ነው።

ለውጡን ያፋጠነው በ1952 በኮፐንሃገን የተነሳው የፖሊዮ ወረርሽኝ ነው። የመተንፈሻ ጡንቻቸው የከዳቸው ሕፃናት በዙ። ሰመመን ሰጪው ሐኪም ቢዮርን ኢብሰን ጉሮሯቸው ላይ ቀዳዳ ከፍቶ በጎማ ፊኛ አየር እንዲገባላቸው ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ፊኛውን ሌትና ቀን የሚጨምቁ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ተሰለፉ። ዛሬ ጽኑ ሕክምና ክፍል የሚባለው ከዚህ ተወለደ። በ1956 ደግሞ ጀርመናዊው ሆልገር ሄሰና ዴንማርካዊው ሄኒንግ ሩበን ያለ ኦክስጅን ሲሊንደርም የሚሠራ፣ ተጨምቆ በራሱ የሚነፋ ፊኛ ሠሩ። አምቡ ባግ ይሉታል። በኢትዮጵያ ከትልቁ ሆስፒታል እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ ነርስ፣ አዋላጅና ሐኪም ሁሉ በዚሁ ስሙ ይጠሩታል።

በዚያው ዘመን በቪየና ተወልዶ በባልቲሞር የሚሠራው ሰመመን ሰጪ ፒተር ሳፋር በፈቃዳቸው ጡንቻቸው በመድኃኒት የላላ ሰዎችን አስተኝቶ የድሮዎቹን ዘዴዎች ከአፍ ለአፍ ጋር አወዳደረ። ውጤቱ አከራካሪ አልነበረም፤ ጀርባ መጫንና እጅ መሳብ ብዙ ጊዜ አየር አያስገቡም፣ ምክንያቱም ምላስ ወደ ኋላ ወድቆ መንገዱን ይዘጋል። ጭንቅላትን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ አገጭን ማንሳት ብቻውን መንገዱን ይከፍታል። የሳፋርን ሙከራ ከሌሎች የሚለየው እስትንፋስ ሰጪዎቹ ሐኪሞች ብቻ አለመሆናቸው ነው፤ ተራ ሰዎች፣ ከእነርሱም ውስጥ ልጆች ነበሩበት።

ሁለተኛው ግኝት በድንገት መጣ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ዊልያም ኩቨንሆቨን የልብ ማስነሻ መሣሪያ ሲሞክር፣ ተማሪው ጋይ ኒከርቦከር ከባዱ የብረት ሰሌዳ በውሻው ደረት ላይ በተጫነ ቁጥር በጭኑ ሥር ያለው የደም ግፊት ከፍ ሲል አየ። ቀዶ ሐኪሙ ጄምስ ጁድ ተቀላቅሏቸው በሐምሌ 1960 ያወጡት ጽሑፍ 20 ታማሚዎችን ይዘረዝራል፤ 14ቱ ከሞት ተርፈዋል። ሐኪሞች በቁጥሩ ተገረሙ። ብዙዎቹ ታማሚዎች ግን በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ ሰመመን ሰጪ አጠገባቸው ቆሞ፣ ልባቸው በቆመበት ቅጽበት የታዩ ናቸው። በዋርድ ወይም በመንገድ ለሚወድቅ ሰው ይህን የመሰለ ውጤት የሚገኝ አልነበረም፤ ያም ሆኖ ቁጥሩ ለብዙ ዓመት የሕዝቡን ተስፋ ከልክ በላይ አሳደገ።

በዚያው ዓመት በኖርዌይ ስታቫንገር የአሻንጉሊት ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ኦስሙንድ ላርዳል የሥልጠና ማኒኪን ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። የራሱ ልጅ በሕፃንነቱ ሰምጦ ሊሞት ሲል በአባቱ እጅ ተርፎ ነበር። የማኒኪኗ ፊት በፓሪስ ሴን ወንዝ ሰጥማ ሞተች ከተባለች፣ ማንነቷ ካልታወቀች ወጣት የፊት ቅርጽ የተወሰደ ነው። ከዚህ በኋላ ሲፒአር የሚባለው የደረት መጫንና የእስትንፋስ መስጠት ጥምረት በቃል የሚወራ ሳይሆን በእጅ የሚለመድ ነገር ሆነ። በ1966 አሜሪካውያን የመጀመሪያውን የጋራ ደንብ ሲያወጡ ሥልጠናው ለባለሙያ ብቻ ነበር፤ በ1974 ለማንኛውም ሰው ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ሄንሪ ሃይምሊክ ለታነቀ ሰው ሆድን ወደ ላይ የመጫን ዘዴውን አሳወቀ።

በኢትዮጵያ የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ተከፍቶ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደግሞ በቀጣዩ ዐሥር ዓመት የማስተማሪያው ማዕከል ሆነ። በአብዮቱ ዘመን የጎንደርና የጅማ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከተሉ። ድንገተኛ ሕክምና የሚባል የራሱ ሙያ ግን አልነበረም። በሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ተረኛ የሚሆነው በአብዛኛው ልምዱ ገና ያልዳበረ ሐኪም ወይም ኢንተርን ነበር። በጥቁር አንበሳም ለረጅም ጊዜ የውስጥ ደዌ፣ የቀዶ ሕክምናና የሕፃናት ድንገተኛ ክፍሎች እየተለያዩ ይሠሩ ስለነበር ታማሚው የሚገባበትን በር ራሱ መምረጥ ነበረበት። የቆመ ልብ ደግሞ በር አይመርጥም። በዚህ ጊዜ የአየር መንገድ መክፈትንና አምቡ ባግ መጭመቅን በየቀኑ የሚሠራው የሰመመን ባለሙያው ነበር፤ ታማሚ በዋርድ ሲወድቅም በብዙ ሆስፒታል የሚፈለገው እርሱ ነው።

እንዲህ ካሉት የሰመመን ባለሙያዎች አንዱ የጥቁር አንበሳው ክብረት አበበ ነው። በመኪና አደጋ ተጎድተው በታክሲ ኋላ ወንበር ተጣጥፈው የሚመጡ ሰዎችን በማየት የተሰላቸው ክብረት ቤቱን ሸጦ በ2008 ጠብታ አምቡላንስን አቋቋመ። ሦስት ያህል መኪና ይዞ የጀመረው ድርጅት በኋላ የመጀመሪያ እርዳታና የቅድመ ሆስፒታል ሕክምና ሥልጠና መስጠት ጀመረ። በዚያን ጊዜ የነበረው አምቡላንስ በአብዛኛው የቀይ መስቀልና የሆስፒታል ንብረት ነበር፤ አገልግሎቱም ሰው መጫን እንጂ በመንገድ ላይ ማከም አልነበረም። መንግሥትም በተከታዮቹ ዓመታት ለየወረዳው አምቡላንስ ገዛ። የተገዙት መኪናዎች ዋና ተልእኮ ግን ምጥ የያዛቸውን እናቶች ማድረስ ነበር፤ ብዙዎቹ ውስጥ አልጋ እንጂ የሠለጠነ ሰው አልተቀመጠም።

በሆስፒታል ውስጥ ያለው ለውጥ ከ2006 በኋላ በጥቁር አንበሳ የጀመረው ነው። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቱ ፕሮፌሰር አክሊሉ አዛዥና ባልደረቦቻቸው የድንገተኛ ሕክምና ግብረ ኃይል አቋቁመው ተበታትነው የነበሩትን በሮች ወደ አንድ ለማምጣት ሠሩ። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪም የሆነው ኢትዮጵያዊው ዶ/ር ግርማ ተፈራ ዩኒቨርሲቲውን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር አጣመረ፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም በመምህራን ደገፈ። በ2010፣ በእኛ በ2003 ዓ.ም.፣ የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ተጀመረ፤ ነርሶችም በድንገተኛና ጽኑ ሕክምና በማስተርስ ደረጃ መማር ቀጠሉ። የመጀመሪያዎቹ ስፔሻሊስቶች ከሦስት ዓመት በኋላ ተመረቁ። የድንገተኛ ሕክምና ማሠልጠኛ ማዕከልም ተከፍቶ ማኒኪን የታጠቀ ክፍል በሀገር ውስጥ ተገኘ። በዚያው በ2010 ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያወጣው የሆስፒታል ማሻሻያ መመሪያ የድንገተኛ አገልግሎትንም አካተተ። ከጳውሎስ ሆስፒታል ሥር የሚሠራው አቤት የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የአደጋ ሕክምና ማዕከል በተከፈተ ጊዜም ከቡራዩና ከገፈርሳ በኩል የሚመጣ ተጎጂ ቀርቦ የሚታከምበት ቦታ ተጨመረ።

በዚያው ዐሥር ዓመት ለሕዝቡ በቁጥር ከፍተኛውን ጥቅም የሰጠው ግን የአዋቂ ልብ ሳይሆን የአራስ እስትንፋስ ነው። ከ10 አራሶች አንዱ ያህል ሲወለድ ለመተንፈስ ማነቃቂያ ይፈልጋል፤ ከእነዚህ መካከል በአምቡ ባግ የሚረዱት ጥቂት ናቸው፤ ወደ ከፍተኛ ሕክምና የሚሄዱት ከመቶ አንድ አይሞሉም። በ2010 የወጣው ሕፃናት እንዲተነፍሱ የሚረዳው የሥልጠና መርሐ ግብር በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ላይ ያተኩራል፦ ማድረቅ፣ ጀርባውን ማሸት፣ ካልተነፈሰ ጭምብል አድርጎ መጭመቅ። የኢትዮጵያ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከአጋሮቹ ጋር አዋላጆችን ይህን አስተማረ፤ በማዋለጃ ክፍሎችም የአራስ ጥግ የሚባል ማሞቂያና አምቡ ባግ ያለው ቦታ ተዘጋጀ። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2000 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። የአራስ ሞት ከሺሕ ሕያው ልደት በ2000 ከነበረው 49 በ2016 ወደ 29 ወርዶ ነበር፤ የ2019ኙ ጥናት ግን 33 አገኘ። ተቋም ውስጥ መውለድ በእጥፍ ሲጨምር ሞቱ ያን ያህል አለመቀነሱ፣ አልጋው ላይ በምትደርሰው እናት ሳይሆን አጠገቧ ባለው እጅ ጥራት ላይ ዓይን እንዲያርፍ ያስገድዳል።

የጥራት ጥያቄ በዓለምም የተነሳው በዚሁ ወቅት ነው። ለዐርባ ዓመት ሁሉም ሰው ሐኪም ሲፒአር ሲሠራ በደንብ እንደሚሠራው ያምን ነበር። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ውስጥ የልብ መቆም በደረሰባቸው 67 ሰዎች ላይ የደረት መጫኑን የሚመዘግብ መሣሪያ ተቀምጦ ውጤቱ በ2005 ሲወጣ እምነቱ ተናጋ። ከተመዘገቡት የ30 ሰከንድ ክፍሎች ከአራት አንድ በላይ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ90 በታች ነበር፤ ከመቶ 37ቱ ጥልቀቱ አላበቃም፤ ከመቶ 60 በላይ በሆኑት ደግሞ ታማሚው ከሚገባው በላይ ይተነፍስለት ነበር። እነዚህ ሥልጠና የወሰዱ፣ የምስክር ወረቀት ያላቸው ሰዎች ናቸው።

በዚያው ዓመት የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ የመጫንና የማስተንፈስ ምጣኔን ከ15 ለ2 ወደ 30 ለ2 ቀየረ። በ2010 ደግሞ ለዘመናት መጀመሪያ የአየር መንገድ ይከፈት ሲባል የነበረው ተገልብጦ መጀመሪያ ደረት ይጫን ተባለ። በ2013 የወጣው የጥራት ስምምነት ግቡን በቁጥር አስቀመጠ፦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ለአዋቂ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ጫና መካከል ደረቱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ፣ ከጠቅላላው ጊዜ ከመቶ 80 በላይ በመጫን ላይ መዋል። በ2015 ጥልቀቱ ከ6 ሳንቲ ሜትር እንዳያልፍ ተጨመረ።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በማኒኪን ላይ ወይም በአልጋ ላይ ሲሆን ግን ዝርዝሩ ያስቸግራል። ሠልጣኙ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ፣ ክርኑን ሳያጥፍ፣ የአንዱን እጅ ተረከዝ በደረት አጥንት ታችኛው ግማሽ ላይ አድርጎ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ጥሩ ይሆናሉ። ሁለተኛው ደቂቃ ሲጋመስ ላቡ ይወርዳል፤ ጥልቀቱ ሲቀንስ ራሱ አያውቀውም። ክብደቱንም በእጁ ላይ ጥሎ ያርፋል፤ ደረቱ አይመለስም፤ ልብ የሚሞላበት ደም አያገኝም። ለዚህ ነው በየሁለት ደቂቃው መቀያየር የታዘዘው። በሆስፒታል ደግሞ ታማሚው የሚተኛው ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ነው። እጅ 5 ሳንቲ ሜትር ወረደ ሲባል ከፊሉን ፍራሹ ይወስደዋል። ጠንካራ ጣውላ ከጀርባ ሥር ማስገባት፣ አጭር ነርስ ካለች መርገጫ በርጩማ ማቅረብ፤ ይህ ሁሉ ያለ ምንም ውድ መሣሪያ ውጤት የሚለውጥ ነው። ቆጠራውም ቢሆን በአማርኛ ከሃያ በኋላ ይረዝማል፤ ‹‹ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት›› ሲባል ፍጥነቱ ስለሚያዘግም ከአንድ እስከ ዐሥር ሦስት ጊዜ መቁጠር ይቀላል።

ሌላው ችግር የሚታየው በጩኸቱ ነው። በየዋርዱ የተለመደው ‹‹ሲስተር፣ አምቡ!›› የሚለው ጥሪ ሲነሳ አምስት ሰው ይሮጣል፤ አንዱ ማንም ሳያዘው ደም ሥር ይፈልጋል፣ ሌላው ቁልፉ ያልተገኘውን የመድኃኒት ቁም ሣጥን ይነቀንቃል፣ አስታማሚዎች በር ላይ ያለቅሳሉ። መሪ ያለው ቡድን አንዱን ደረት፣ አንዱን አየር፣ አንዱን መድኃኒትና ሰዓት ይሰጣል፤ ትእዛዝ የተቀበለውም የሰማውን ደግሞ ይመልሳል። በጎንደርና በሌሎች የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የተደረጉ ጥናቶች ተመራቂዎች ስለ ሲፒአር ያላቸው አመለካከት ጥሩ ሆኖ የእጅ ክህሎታቸው ግን ዝቅተኛ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። ክህሎቱ ከሥልጠና በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ መደብዘዝ መጀመሩ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ግን ሁለት ዓመት ይቆያል። ለዚህ ክፍተት የተገኘው መፍትሔ ትልቅ ሥልጠና ሳይሆን በየሦስት ወሩ በዋርዱ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ መለማመድ ነው።

ሌላው የኢትዮጵያ ችግር ኦክስጅን ነበር። ከገፈርሳ እስከ ሱሉልታ ያለው አገር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ይላል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጤነኛ ሰው ለምዶታል፤ ሳምባው የታመመ ሰው ግን የሚቆጥበው ነገር ከወዲሁ ያነሰ ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2016 የሕክምና ኦክስጅንና የኦክስጅን መለኪያን በሀገር ደረጃ ለማስፋት ፍኖተ ካርታ አወጣ። እርሱ ያስገነዘበው ነገር መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሲገኝ በግልጽ ታየ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለታማሚዎቹ ተለየ፤ ሚሊኒየም አዳራሽም ወደ ሕክምና ማዕከልነት ተቀየረ። ደረት መጫንና አምቡ ባግ መጭመቅ ቫይረሱን ወደ አየር ሊበትን ስለሚችል ባለሙያው መከላከያ ልብስ ሳይለብስ እንዳይገባ፣ በክፍሉ ውስጥ የሚኖረውም ሰው ቁጥር እንዲቀንስ ታዘዘ። ብዙዎቹ ወጣት ሐኪሞችና ነርሶች የልብ መቆምን በየሳምንቱ ያዩት በዚህ ጊዜ ነው፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያልነበራቸው ሆስፒታሎችም በወረርሽኙ ግፊት ከፈቱ።

በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ሸገር በሚል ስም በአንድ ከተማ አስተዳደር ሥር ገቡ፤ ገፈርሳም ስሟን ገፈርሳ ጉጄ ለተባለው ክፍለ ከተማ ሰጠች። አስተዳደሩ ቢለወጥም ሪፈራሉ የሚጓዝበት መንገድ ያው ነው። የአካባቢው ልዩ ተቋም በገፈርሳ የሚገኘው፣ ሕመማቸው የቆየባቸውን ሰዎች የሚያስተናግደው የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የመሠረታዊ ሕይወት አድን ሥልጠና የሚያስፈልገው ከሌላ ሆስፒታል በተለየ ምክንያት ነው። የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች መዋጥን ሊያውኩ ስለሚችሉ በምግብ ሰዓት መታነቅ ይደርሳል፤ የሚጥል ሕመም ያለባቸውም ከታማሚዎች መካከል ይገኛሉ። የምግብ አዳራሹ ውስጥ በዚያ ቅጽበት የሚገኘው ሐኪም ሳይሆን ምግብ አቅራቢው፣ ጥበቃው፣ ጽዳት ሠራተኛው ነው። ሥልጠና በደመወዝ ደረጃ ተመርጦ ለነርስና ለሐኪም ብቻ ሲሰጥ የሚቀረው ሰው እርሱ ነው።

በሆስፒታል ውስጥ ልባቸው ከቆመባቸው ታማሚዎች በበለጸጉ አገሮች እንኳ ከሆስፒታል በሕይወት የሚወጡት ከአራት አንድ ገደማ ናቸው። ስለዚህ የጥሩ ሆስፒታል መለኪያ ስንቱን አነሳ ብቻ አይደለም፤ ልብ ከመቆሙ በፊት የሚወርደውን የደም ግፊትና የሚፈጥነውን እስትንፋስ አይቶ ቀድሞ መጥራቱም ነው። የድንገተኛ ጋሪው በየፈረቃው ይፈተሽ እንደሆነ፣ የልብ ማስነሻ መሣሪያው (ዲፊብሪሌተሩ) ባትሪ ይሞላ እንደሆነ፣ ጫናው የተጀመረበት ሰዓት ይመዘገብ እንደሆነ፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ ቡድኑ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ምን እንደሄደና ምን እንደተበላሸ ይነጋገር እንደሆነ መጠየቅ ውድ አይደለም። መዝገቡ ከሌለ ግን ማንም ጥራቱን ሊናገር አይችልም።

መመሪያውም አይቆምም። በጥቅምት 2025 የአሜሪካ የልብ ማኅበር አዲስ መመሪያ ሲያወጣ፣ ለታነቀ አዋቂ ለረጅም ዘመን የተማሩትን ሆድን ብቻ የመጫን ዘዴ አሻሻለ፦ አሁን በመጀመሪያ አምስት ጊዜ በትከሻ አጥንቶች መካከል በእጅ መዳፍ ሥር መምታት፣ ከዚያ አምስት ጊዜ ሆድን መጫን፣ ምግቡ እስኪወጣ ወይም ሰውየው ራሱን እስኪስት እያፈራረቁ መቀጠል ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት የሠለጠኑ የጤና ጣቢያና የማገገሚያ ማዕከል ሠራተኞች በሚቀጥለው ልምምዳቸው የሚቀይሩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ቅደም ተከተል ይሆናል።